የአጎቴ የመስቀል ጠለዛ

ዘንድሮ ለመስቀል ቡታጅራ ገብቼ፣ የእህቴ ልጅ በእሳት የለበለበችውን የኮባ ቅጠል ለክትፎው ስታነጥፍ፣ ያ እርጥብ የቅጠል ሽታ ከቅቤው ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ክትፎው ቀርቶ ኳስ ሜዳው ታወሰኝ።

አጎቴ ወልዴ በረኛ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባ ሲጫወት የኖረ፣ መዳፉ ራሱ ጓንት መስሎ የቀረ፣ ኳስ በመያዙ ሳይሆን ከእጁ ለቆ በመጠለዙ የታወቀ ሰው፤ እሱ የጠለዛት ኳስ ሰማይ ላይ ቆም ብላ የምታስብ ትመስል ነበር። ልጅ ሳለሁ በአንድ መስቀል ግን የቡድኑን አሰልጣኝ አስከትሎ መጣ። ሰውየው፣ «አርጅተሃል ይላሉ፤ በአገርህ ሜዳ ልይህና እንወስናለን» ብሎታል። አጎቴ ደግሞ ለእናቴ፣ «አንድ ዓመት ከጨመሩልኝ ይህቺን ልጅ ወስጄ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብሏታል። ይህቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ እኩዮቼ ሲያነቡ እንሰት መፋቅ ብቻ የምችለው።

በእኛ አገር መደበኛው ቀን ሌላ፣ መስቀል ሌላ ነው፤ የሰው ደጅ ዝም ብሎ አይታለፍም። ወደ ሜዳው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁሉ «ወልዴ፣ ሳትቀምስ?» ይላል፤ እምቢ ማለት ቂም ነው። እሱ በየቤቱ ክትፎ ሲጎርስ፣ እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ትምህርቴ ጉርሻ በጉርሻ ሲበላ አያለሁ።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገቡት፣ አጎቴን በረኛ አድርገው፣ ከቡታጅራ ወጣቶች ጋር ተጋጠሙ። የመጀመሪያዋ ኳስ በአጎቴ ጎን ስታልፍ፣ እንደሚሄድ ዘመድ በዓይኑ ሸኛት። ገባች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ጎንበስ በል እንጂ! ወይስ አይቡ እንዳይፈስ ነው?» አለ አንዱ ከዳር፤ ሜዳው በሳቅ አለቀ። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፤ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

እንደ ምንም አንድ ለአንድ ሆኑ። ሊያልቅ ሲል አንዲት ደካማ ኳስ ራሷ መጥታ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። እኔ፣ ቤት ውስጥ ድምፄ የማይሰማው ልጅ፣ «አጎቴ፣ ጠልዛት!» ብዬ ጮኽኩ። ጠለዛት! ከባሕር ዛፎቹ አናት በላይ ወጣች፤ የወዲያኛው በረኛ ወደፊት ወጥቶ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው ሲያንጋጥጥ፣ ከፊቱ መሬት ላይ አንዴ ነጠረችና በአናቱ ላይ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ሜዳው ተናወጠ! ማን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ ብቻ ከሰው ትከሻ በላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ «በል እሺ፣ አንድ ዓመት! ክትፎ ግን የለም» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።

በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ጉልበቴ ዴስኩ ስር አልገባ ብሎ ወደ ጎን እየተቀመጥኩ።

ሜዳው ዛሬ ግማሹ ሕንፃ ሆኗል፤ አጎቴም የለም። በሕይወት ሳለ፣ ሰዉ ወሬውን እያሳደገ «ኳሷ ሳትነጥር ገባች» ሲል፣ እኔ «አይደለም፣ አንዴ ነጥራለች» እያልኩ አርም ነበር። እሱም «ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» እያለ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር።

የእህቴ ልጅ ኮባውን አንጥፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «አክስቴ፣ የአጎትሽ ኳስ እውነት ሳትነጥር ነው የገባችው?»

አፌን ከፈትኩ። ባርማት እንባው እስኪመጣ የሚስቅ ሰው የለም።

«ሳትነጥር» አልኳት።