ቧንቧው ሲንኳኳ

ቬልታ በላትቪያ መንደራችን፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ሕንፃችን የሚሞቀው በእንጨት ነው፤ ምድር ቤት ሆና ስትማግድ የኖረችው እሷ ናት። ሲበርደን ሙቀቱን ከምድር ቤት ወደየቤታችን የሚያመጣውን ቧንቧ በማንኪያ እንመታለን፤ ሰምታ ትጨምርልናለች። ዘንድሮ ፍልጡ ቀረና የእንጨት ፍርፋሪ በራሱ የሚጎርስ ማሽን ተተከለ። እሷን «ቤትሽ ዕረፊ» አሏት።

ትናንት ቤቷ ሻይ እየጠጣን ቧንቧው ተንኳኳ። ጓንቷን አጥልቃ ተነሣች።

«ላይ ቤት ያለው አይቫርስ ነው፤ እሱ በበጋም ይበርደዋል» አለች።

«እትዬ፣ ማሽኑ አለ እኮ።»

«ማሽኑ ጆሮ አለው እንዴ?»

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ለካ የምድር ቤቱን ቁልፍ ተቀብለዋታል። ተመልሳ ተቀመጠች። ቧንቧው አሁንም ይንኳኳል። እሷ ጓንቷን እንዳጠለቀች ሻይዋን ጠጣች።