እታለም የሸከፈችው ሻንጣ

የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲመጣና ሲጠፋ ከረመና አንድ ቀን መካነ ሰላም ገበያ ውሎ የተመለሰ የክፍል ጓደኛዬ በራችን ላይ ቆሞ፣ "በሳምንት ውስጥ ግቡ ተብለናል" አለኝ። እኔ የተመደብኩት ሩቅ ደቡብ ነበር። ከቤታችን መካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ መኪና። የምሄደው ብቻዬን ስለሆነ ዕቃዬ ሁሉ ራሴ ልሸከመው በምችለው አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ማለቅ ነበረበት።

ዕቃ መሸከፍ ደግሞ አላውቅም። ከቤቴ ርቄ ያደርኩት ለፈተና ብቻ ነው፤ ያኔም አንድ ጋቢ ነበር የያዝኩት። በማግስቱ ጠዋት ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን፣ ሦስት ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብ፣ ጫማ፣ የትምህርት ማስረጃዎቼን፣ እናቴ ያዘጋጀችልኝን በሶ በላይ በላዩ ከመርኩት። ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ። ተቀመጥኩበት፤ አልዘጋ አለ። አፉን እንደከፈተ ትቼው ከእናቴ ጋር ባቄላ ልንነቅል ወደ ማሳው ወረድን።

ቤታችን ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እናቴ፣ እኔና እታለም። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። አራት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነበር። የምንኖርበት ቆርቆሮ ቤት የተሠራው እሷ በላከችው ነው። ስትመለስ ግን በእጇ የነበረው አንድ ፌስታል ብቻ ነው። ብዪ ሲሏት ትበላለች፤ ሲጠይቋት ትመልሳለች፤ ሥራም አይከብዳትም። ስትቀመጥ ግን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው።

ቀትር ላይ ስንመለስ ከገደሉ የወጣው ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሻንጣው ተዘግቷል። ከተውኩበትም ተነሥቶ በሩ ሥር፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቆሟል።

ከፈትኩት። ልብሶቼ እንደ ጧፍ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ካልሲዎቼ ጫማዎቼ ውስጥ ገብተዋል። በሶው በሁለት ፌስታል ታስሮ ኩባያው ውስጥ፣ ኩባያው ባልዲው ውስጥ። ማስረጃዎቼ ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተጠቅልለው በሁለቱ ሹራቦች መሃል ተኝተዋል። ያ ሁሉ ዕቃ ገብቶ ሻንጣው ገና ቦታ ነበረው።

"አንቺ ነሽ እማ?" አልኳት፣ አብራኝ መዋሏን ረስቼ።

እናቴ የያዘችውን ባቄላ አሳየችኝ። ጓሮ ሄደን እታለምን ጠየቅናት። ገብስ እየነፋች ነበር።

"ሻንጣዋን አንቺ ነሽ የሸከፍሽላት?"

"የምን ሻንጣ?" አለች። ፊቷ ላይ ቀልድም ውሸትም አልነበረም።

በማግስቱ ሹራብ ፈልጌ ሁሉንም አወጣሁትና ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ ሻንጣው እንደገና ተሸክፎ በሩ ሥር ቆሟል። አሁን ግን ከብዷል። ስከፍተው ያላስገባኋቸውን ነገሮች አገኘሁ። ግድግዳው ላይ የነበረው የልጅነት ፎቶዬ፣ የአንደኛ ክፍል ካርዴ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያዬ፣ ተቀዶ የተጣለ ቀሚሴ፣ ሕፃን ሳለሁ አንገቴ ላይ የነበረው ክር እንኳ አልቀረም። ቀና ብዬ ቤቱን አየሁት። ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። የእናቴ ዕቃ አለ፤ የእታለምም አለ። የእኔ የሆነ ግን አንድም ነገር የለም። እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ ያላደግሁ ይመስል ነበር።

እናቴ ስታይ አማተበችና ወደ ጎረቤታችን ይዛኝ ሄደች። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ አገሩ ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው ሴት።

"አንቱ፣ ቤቴ ምን ገባበት?" አለቻቸው እናቴ።

ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ፣ "አብሽሪ" አሏት። "ጂን ልብስ አያጥፍም። ይሄ ብዙ ያየ ሰው እጅ ነው። ወጣን ብላችሁ ውጡና ተመልሳችሁ እዩ። ስታገኟት ግን እንዳትጮሁባት።"

"ማንን?" አልኳቸው።

"ታውቂያታለሽ ልጄ" አሉኝ።

እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔም ነጠላዬን ለብሼ አብሬያት ወጣሁ፤ ከአጥሩ ማዶ ስደርስ ተመለስኩ። መንደሩ ጭር ብሏል። በመስኮቱ ሽንቁር አየሁ። እታለም መሬት ላይ ተንበርክካለች። ሻንጣዬን አራግፋ ባዶ አድርጋዋለች። እጆቿ ልብሱን እየጠቀለሉ ያስገባሉ፤ ዓይኖቿ ግን እጆቿን አያዩም። በሩ ላይ ተተክለዋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ያላ! ያላ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእታለም ድምፅ አልነበረም። የሌላ ሴት፣ የምታዝዝ፣ ቁጡ ድምፅ ነው። ወዲያው በራሷ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ "ሃዲር ማዳም፣ እሺ ማዳም" አለች።

ገባሁ። "እታለም" አልኳት። አልሰማችኝም። ትከሻዋን ነካሁት። ዞር ብላ አየችኝ፤ የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

"ተነሺ እንጂ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ይለምናል። "አሥር ደቂቃ ነው የሰጡን። ልብስሽን እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ ጫማሽን ብቻ አድርጊ። እባክሽ ጫማሽን አድርጊ።"

ማንን እንደምትለምን አላውቅም። ፈራሁ፤ መሮጥ አማረኝ። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አደረግሁ። ተነሥቼ ፊቷ ቆምኩ።

እታለም እግሬን አየች። ቀስ ብላ ቀና አለች። እኔ መሆኔን ያወቀችው ያኔ ነው። ከመጣች ጀምሮ አልቅሳ የማታውቅ ሴት መሬቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጭንቅላቷን እቅፌ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ እታለም ሁሉን ነገረችኝ።

"የምሠራበት ቤት ሌላ ያገራችን ልጅ ነበረች። ታማ ከተኛች ሰንብታለች። አንድ ቀን ማዳም መጣችና ትኬቷ ተቆርጧል፣ በአሥር ደቂቃ ዕቃዋን አሰናጂ አለችኝ። ልጅቷን ጠራኋት፤ አልመለሰችልኝም። ዓይኗ ግን ተከፍቷል። ዕቃዋን ሰበሰብኩ። አንድም ሳላስቀር፣ ማበጠሪያዋን ሳይቀር አስገባሁላት። ሁለት ሰዎች መጥተው ሻንጣውን ይዘው ወጡ። እኔን ወጥ ቤት ግቢ አሉኝ። ስመለስ አልጋው ተነጥፏል።"

"እሷስ?"

"ሻንጣው ሲወጣ አይቻለሁ" አለች። "እሷ ስትወጣ ግን አላየሁም።"

"የየት አገር ልጅ ናት?"

"ከአጅባር አለፍ ብሎ ነው ቤታችን ትለኝ ነበር።"

ሻንጣዬን የሸከፈችበትን አንዱንም ጊዜ አታስታውስም። ሳሳያት እንደ እኔው ደነገጠች። ፎቶዬን አውጥታ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ሌላውን ግን፣ "እንዲሁ ይሁን፤ ጥሩ ነው የተሸከፈው" አለችኝ፤ የሌላ ሰው ሥራ የምታይ ይመስል።

የሄድኩ ዕለት እስከ መካነ ሰላም ሻንጣውን የተሸከመችው እሷ ናት። መናኸሪያ ስንደርስ የመኪናው ረዳት ጣሪያ ላይ ሊጭነው እጁን ዘረጋ። አልሰጥም አለች።

"ሴትዮ፣ ሰዓት የለንም" አላት።

"መጀመሪያ እሷ ትግባ።"

"ሻንጣው ካልተጫነ ማንም አይገባም!"

"እሷ ሳትገባ ሻንጣው አይሄድም" አለችው። አልጮኸችም። ረዳቱ ፊቷን አየና ዘወር አለልኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ በመስኮቱ እጄን አወጣሁላት። ያኔ ሻንጣውን ለቀቀች።

ዶርም የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አብረውኝ የተመደቡት ልጆች ሦስት ሦስት ማዳበሪያ ዕቃ ይዘው መጥተው ሎከሩ አልበቃቸውም። የእኔ በአንድ ጎን አለቀ። ልብሴን ስዘረጋ የቀሚሴ ስፌት ጣቴን ጎረበጠኝ። ገልብጬ አየሁት። በጥቁር ክር፣ በደቃቃ ስፌት፣ የእናቴ ስልክ ቁጥር ተሰፍቷል። ሹራቡን ገለበጥኩ፤ አለ። አንሶላው ጠርዝ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ካልሲዎቹ ውስጥ ሁሉ አለ። አንድ ሰው ሻንጣውን ብቻ ቢያገኘው ማን ጋ እንደሚደውል እንዲያውቅ ነው። ያን ዕለት ልብስ ሳልቀይር አመሸሁ። በዚያ ጥቂት ቀን ውስጥ ያን ሁሉ መቼ እንደሰፋችው ጠይቄያት አላውቅም፤ የምታስታውሰውም አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት፤ ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

"የት ነሽ?"

"አጅባር" አለችኝ።

ለእናቴ ደሴ ልታከም ነው ብላ ወጥታ፣ መኪና ቀያይራ ሄዳለች። እህል ተራ እየዞረች፣ የልጅቷን ስም እየጠራች፣ ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ያልተመለሰች ሴት ታውቁ እንደሆነ ጠይቃለች። "የስንቱ ልጅ መሰለሽ" አለችኝ። በመጨረሻ አንዲት ቅቤ ሻጭ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ቤት ወሰደቻት። ሻንጣው እዚያ ነበር። መደብ ላይ፣ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። በካርጎ ከመጣ ዓመት አልፎታል። አንድ ጊዜ ከፍተውት ዕቃው ተመልሶ አልገባ ስላላቸው ግማሹን በጆንያ አስረውታል።

የልጅቷ እናት፣ "አንቺ ነሽ የሸከፍሽው?" አሏት።

"እኔ ነኝ።"

"ልጄስ?"

"አላየሁም እማማ። ሻንጣውን ብቻ ነው ያየሁት።"

ሴትዮዋ ወደ መደቡ ሄዱ። ከዚያ ጆንያውን ፈትተው፣ "እስቲ ከልጄ ጋ ሳለ እንደነበረው አድርጊልኝ" አሏት። እታለም አንድ በአንድ እያነሣች፣ ይሄ የእሁድ ቀሚሷ ነው፣ ይሄን የምትወደው ነው እያለች መለሰችው። እናትየው ከጎኗ ተቀምጠው ያዩ ነበር። በሩን አንድም ጊዜ ዞራ እንዳላየች የነገረችኝ ራሷ ናት።

እዚያው አሥር ቀን ቆየች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ማንም ሳያውቅ የተሸከፈ ዕቃ የለም። ለአጨዳና ለበዓል ወደዚያ ትሄዳለች። እናቴ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፤ "እናት አጣች እንዴ?" ትለኝ ነበር በስልክ። ዘንድሮ ግን አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ራሷ አብራት ሄደች። ሁለቱ እናቶች ሙሉ ቀን አብረው ገብስ ሲፈትጉ ዋሉ አሉ። ምን እንደተጨዋወቱ አልነገሩንም። ስለ ልጅቷ እስካሁን የሰማ የለም።