የዓምደሚካኤል ደረቅ እግር

የጅማው ቦዬ ክለብ ዋንጫ ያነሳበትን ዓመት አንስታችሁ ፊቱ የማይፈካ ሰው ካገኛችሁ፣ እሱ ልብስ ሰፊው ዓምደሚካኤል ነው። ሌላው ሰው ወሬው ገና ሲጀመር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ግቦቹን በእጁም በእግሩም እያሳየ ይተርካል። ዓምደሚካኤል ግን የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል እንጂ ቃል አይተነፍስም። ደጋፊ ስላልሆነ እንዳይመስላችሁ። ክለቡ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሸቤና ከሰቃ ክለቦች ጋር በሚጫወትበት የቡና ከተሞች ሊግ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ አላመለጠውም። ጭቃ ላይ ቆሞ ዝናብ እየወረደበት አይቷል፤ አምስት ለዜሮ ተሸንፈው በአይሱዙ ላይ ተጭኖ እየዘፈነ ተመልሷል። ሚስቱ ፋንቱ ልጃቸውን ዮርዲን ስታምጥ እንኳ እሱ አጋሮ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ቂም ይዛበታለች፤ እውነቷንም ነው።

ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ዋንጫ በመጣ ቀን ሜዳ አልነበረም። ታሞ አይደለም፤ ለቅሶም አልገጠመው። እንዳይመጣ ሽማግሌ ተልኮበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና ክለቡ የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። በረኛው ኳስ ሲይዝ ሳሙና የያዘ ነበር የሚመስለው፤ አጥቂዎቹም ከግቡ ይልቅ ከኋላው ያለውን ባሕር ዛፍ ነበር የሚመቱት። ይህን ያላየ ደጋፊ የለም። ዓምና በመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ግን ዓምደሚካኤል ደዶ ሄዶ አጎቱ ቀብር ላይ ነበር፤ ቦዬ ሦስት ለዜሮ አሸነፈ። በሁለተኛው ተገኘ፤ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። በሦስተኛው ታይፎይድ ጥሎት ከአልጋ አልተነሳም፤ አሸነፉ። ይኼኔ የጅማ መርካቶ ሻይ ቤት ሁሉ ማማት ጀመረ። ጠዋት መጀመሪያ የገባው ገበያተኛ ገደ ቢስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ አልሸጥም ብሎ የሚያምን ነጋዴ፣ ኳስ ሜዳ ሲሄድ እምነቱን ቤቱ ትቶ አይሄድም። አማርኛ የሚቀናው «እግሩ ደረቅ ነው» አለ፤ ኦሮምኛ የሚቀናው «ሚልኪ የለውም» አለ። በቋንቋ ተለያዩ እንጂ በፍርዱ አንድ ነበሩ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዎች ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ከፊት የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑት ሽማግሌው የቡና ነጋዴ አባቦራ፣ ቀጥሎ ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ መምህር ፈይሳ፣ ከኋላ ደግሞ የሜዳው በር ጠባቂ ቦና። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል፤ አባቦራ ከዘራ ይዘዋል። ፋንቱ ለዮርዲ የመጡ መስሏት ክው አለች። ልጅቷ ገና የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ናት።

«ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ» አለ ዓምደሚካኤል።

«የመጣንበትን ካልፈጸምክልን አንቀመጥም» አሉ አባቦራ። የሽማግሌ ደንቡ ይኸው ነው፤ እሺ እስኪባል ድረስ ይቆማል።

«ምን ልታዘዝ አባቦራ?»

«ማሎ ዓምዴ፣ እባክህ እንዳይከፋህ። ዘንድሮ ፈጣሪ ለክለባችን ፊቱን መልሶለታል። ወላሂ፣ ጠልተንህ አይደለም። ሜዳ እንዳትመጣ ልንለምንህ ነው።»

ዓምደሚካኤል ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከሦስቱ አንዱም እንዳልሳቀ ሲያይ ደሙ ፈላ።

«በረኛው ኳስ እየለቀቀ እኔ ምን አድርግ ትሉኛላችሁ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«በረኛው የሚለቀው አንተ ስትመጣ ነው። እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ» አሉ መምህር ፈይሳ። እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል።

ቦና መልኩን የሚያጠና ይመስል አተኩሮ አየው። በር ጠባቂ ለምን ከሽማግሌ ጋር እንደመጣ ዓምደሚካኤል ገባው።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ክለቡን ትወደዋለህ አትወደውም?» አሉ አባቦራ በመጨረሻ።

በዚህ ያዙት። ወደ ፋንቱ ዞር ቢል እሷም «እሺ በላቸው እንጂ፣ ሽማግሌ እኮ ነው» አለችው፤ እሑድ እሑድ ባሏ ቤት ሊውልላት መሆኑን ቀድማ አስልታለች። ዓምደሚካኤል እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ሊወጡ ሲሉ አባቦራ ከደጃፉ ዘወር ብለው «ለመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ አርባ ሜትር ባንዲራ ያስፈልገናል። ካንተ በላይ ማን ይሰፋዋል?» አሉት። ለዚህም እሺ አለ። በገዛ አፉ እንዴት እንዳለ እስከ ዛሬ አይገባውም።

ከዚያ በኋላ ቦዬ ማሸነፍ ብርቁ አልሆነም። ጨዋታ ባለ ቁጥር ጎረቤቶቹ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ሜዳ ይነጉዳሉ፤ ዓምደሚካኤል ብቻውን ቀርቶ አረንጓዴና ቡናማ ጨርቅ ይገጣጥማል። ባጃጆች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ሲመለሱ ማሸነፋቸውን ያውቃል። ይደሰታል። እያንዳንዷ ድል ግን «አላልንህም?» የምትል ስድብ ነበረች። አንድ እሑድ ምነው ዛሬስ አቻ በወጡ ብሎ ሲመኝ ራሱን ያዘው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምኞት በልቡ አልፎ አያውቅም ነበር። አፈረ፤ ካፈረው በላይ ደግሞ እዚህ ባደረሱት ሰዎች ተናደደ።

ሊሙ ገነት ላይ በሚደረገው ጨዋታ ዋዜማ አላስቻለውም። ለፋንቱ «የሚዜዎች ልብስ ልኬት ልወስድ ነው» ብሏት በማግስቱ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረ። የዝናብ ልብሱን ቆብ እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ የቦዬ ደጋፊዎች ከተሰበሰቡበት ትይዩ፣ በአገሬው ደጋፊ መሐል ተሰገሰገ። ቦዬ መጀመሪያ ሲያገባ እንደ ጎረቤቶቹ ራሱን ይዞ «ኧረ ምን ዓይነት ተከላካይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሊሙዎች አቻ ሲያደርጉ አንድ የማያውቀው ጎረምሳ አቅፎ ከመሬት አነሳው፤ ወደደም ጠላም አብሮ ዘለለ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ፍሬዘር የሚባለው የቦዬ ግራ እግር ተጫዋች ኳሷን በደረቱ አበረዳት፤ መሬት ሳትነካ መትቶ ከማዕዘኑ አስገባት። ዓምደሚካኤል በዕድሜው እንዲህ ያለች ግብ አላየም። እልል ማለት አማረው፤ የዝናብ ልብሱን ኮሌታ ነክሶ ቻለው። እንባው ግን አምልጦት ወረደ። ያ ያቀፈው ጎረምሳ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ኦቦሌሳ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ኳስ እንዲህ ነች» ብሎ አጽናናው።

ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻውን ይስቅ ነበር። እሱ ተገኝቷል፣ ቦዬም አሸንፏል። እግሩ ደረቅ እንዳልሆነ ማስረጃ አገኘ። አጋሮ መገንጠያው ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። ማስረጃውን ለማን ሊነግር ነው? አፉን ከከፈተ ሽማግሌ የረገጠ፣ ቃሉን የበላ ሰው ይባላል። ጅማ ውስጥ ገደ ቢስ ተብሎ መኖር ይቻላል፤ ሽማግሌ ረጋጭ ተብሎ ግን ሰርግም ለቅሶም አያስቆሙህም። ስለዚህ ያቺን የመሰለች ግብ አይቶ ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ዋጣት።

የመጨረሻው ጨዋታ ከአጋሮ ጋር እዚሁ ጅማ ነበር፤ ማሸነፍ ግድ ነው። አርባ ሜትሩን ባንዲራ በሦስት ተከታታይ ባጃጅ ጭነው ከሱቁ ወሰዱት። ዮርዲም አባቷ በሰፋላት ሻርፕ አንገቷን ጠቅልላ ሄደች። መርካቶ ጭር አለ። ዓምደሚካኤል ጩኸቱን ላለመስማት ክር የሌለበትን መኪና ይረግጥ ጀመር፤ ጩኸቱ ግን ይመጣል። ሲሳት ሕዝቡ የሚጮኸው ከጉሮሮው ነው፤ ሲገባ ከሆዱ። ሁለቴ ከሆድ ተጮኸ። ሦስተኛው ጩኸት ሳያቋርጥ ሲቀር ጨዋታው ማለቁን፣ ዋንጫው መምጣቱን አወቀ፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ የሚያቅፈው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ዮርዲ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችለት። ተጫዋቾቹ ተደርድረዋል፣ አምበሉ ዋንጫውን ተቀበለ፣ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። በዚህ መሐል ባንዲራው በሕዝቡ ራስ ላይ እየተሳበ መጥቶ በስልኩ ላይ አለፈ። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ የራሱ ስፌት ብቻ ታየው። ባንዲራው ሲያልፍ ዋንጫው ወርዷል። ዓምደሚካኤል ቪዲዮውን አሥራ አንድ ጊዜ ከፈተው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደጋፊዎች ማኅበር የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጀ። አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ። ተጫዋቾቹ ተሸለሙ፣ አሠልጣኙ ተሸለመ፣ ከዚያ «ዓምደሚካኤል!» ተብሎ ተጠራ። ጃኬት አለበሱት፤ የግራ ትከሻው ስፌት እንደተጣመመ ገና ሲያጠልቀው አወቀ። በመስታወት የተለበጠ ምስክር ወረቀትም ሰጡት። ንባቡ «በሜዳ ባለመገኘት ለክለባችን ድል ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋፅኦ» ይላል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቀልድ አልነበረም፤ አንዳንዱ ከልቡ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዓምደሚካኤልን ይበልጥ ያበገነውም ይኼው ነው።

«ለከርሞም ቃልህን ስጠን፤ ኢንሻአላህ ዋንጫው ይደገማል» አሉ አባቦራ ማይክራፎኑን እያቀበሉት።

ሊያመሰግን ነበር የቆመው። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሊሙ ገነት ነበርኩ» አለ። «ቃሌን በልቼ ሄጃለሁ። ከአገሬው መሐል ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ለአንድ አሸንፈናል። እግሬ የቱ ጋ ነው ደረቅ የሆነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ዓምደሚካኤል ይህን ጸጥታ ለወራት ሲመኘው ኖሯል፤ አሁን ያፍራሉ፣ አሁን ይቅርታ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። መምህር ፈይሳ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ ሲያደርጉ ቆዩ። አባቦራ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ያቺ አንዷ ግብ!» ብለው ጮኹ። «ሊሙዎች ያገቡብን! ከየት መጣች እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስቃጠል! ለካ አንተ ነህ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ከአንድ እንቆቅልሽ እንደተገላገለ ሁሉ እርስ በርሱ ይጨባበጥ ጀመር። ዓምደሚካኤል ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ፣ እንደ ልማዱ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ አጣጠፈው፣ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ ሽማግሌ ረጋጭ ሆኛለሁ» አለ። «ቃሉን የበላ ሰው ቃል አይጠየቅም። ለከርሞ እመጣለሁ።»

መጣም። የዘንድሮው የመጀመሪያ ጨዋታ ከሸቤ ጋር ነበር። ቦና ትኬቱን ገልብጦ አየው፣ ደግሞ ገለበጠው፤ ሐሰተኛ የሚልበት ምክንያት ሲያጣ አስገባው። ዓምደሚካኤል ከላይኛው እርከን እንደተቀመጠ ግራና ቀኙ ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወረዱ። በሃያኛው ደቂቃ በረኛው ከእግሩ ሥር የመጣችለትን ኳስ ለቀቃት። ሸቤ አንድ፣ ቦዬ ዜሮ። ሜዳው ሙሉ ወደ ኳሷ ሳይሆን ወደ ዓምደሚካኤል ዞረ።

ይህን ጠብቆት ስለነበር አልከፋውም። ለዕረፍት ሲወጡ ግን ስልኩ ነዘረው። ዮርዲ ናት፤ ታች ከአጥሩ ሥር ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። «አባዬ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ብትወጣስ?» ይላል መልእክቱ። ወደ እሷ አየ። በሻርፗ አፏን ሸፍና ወደ ሜዳው ታያለች። ዓምደሚካኤል ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየው። ተራ ጫማ ነው፤ ጭቃ ይዟል። ምናልባት እውነታቸውን ቢሆንስ የሚል ሐሳብ አንድ አፍታ ልቡን ሸረፍ አደረገው። በዚህም በራሱ ተናደደ።

ብድግ አለ። ደጋፊው ትንፋሹን ለቀቀ፤ አባቦራም ከመቀመጫቸው ተነስተው «ጀባ፣ ጎሽ የኔ ልጅ» እያሉ መንገድ ለቀቁለት። ዓምደሚካኤል ደረጃውን እስከ ታች ወረደ። ወደ በሩ መታጠፊያ ሲደርስ ግን አልታጠፈም። በቀጥታ አጥሩ ሥር ወዳለው የመጀመሪያው መደዳ ሄዶ፣ ሜዳው ሁሉ እያየው ልጁ ፊት ቆመ።

«ከላይ ሆኜ አልታይ ብሎኝ ነው» አላት። «ጠጋ በይልኝ።»

ዮርዲ ወደ ኋላ ዞራ ሕዝቡን አየች፤ አባቷን አየች። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያደርስ ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንስታ ጠጋ አለችለት።