ጠዋት ጠዋት የምታኮርፈው መኪና

ጠዋቱ ብርድ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ የናፍጣ መኪና ታኮርፋለች። መካኒኮቹ ባትሪዋን ሦስት ጊዜ ቀየሩላት፤ እሷ ግን ሁለቴ አስላ ጭጭ ትላለች።

ያኔ ሾፌሩ ይጠራል። የካፖርቱ ክርን በፕላስተር የተጣፈ፣ የጡረታ ደብዳቤው ሁለቴ ተጽፎ ሁለቴ የተቀደደለት ሽማግሌ ነው። ጀርባውን ለመካኒኮቹ ሰጥቶ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል፤ የሆነ ነገር ይነካካና "ተነሺ እንጂ አሮጊት፣ እኔም ተነስቻለሁ!" ይላል። ትነሳለች።

"አባባ፣ ምን አድርገዋት ነው?"

"ለምኛት ነዋ!"

አለቃውም "ይቺ መኪና እስካለች ሽማግሌውን እንዳትነኩት" ብሏል።

ሚስጥሩን የሚያውቀው የግቢው ዘበኛ ብቻ ነው። ሽማግሌው ብርድ ባለ ማታ ከሥራ ሲወጣ የናፍጣ ቱቦዋን ብሎን ግማሽ ዙር ሲያላላ አይቶታል፤ በዚያ በኩል አየር ይገባና ጠዋት ሞተሩ እምቢ ይላል።

"አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን አትፈራም?" አለው አንድ ቀን።

"እዚህ ቤት መኪና ሲያረጅ ይጠግኑታል፣ ሰው ሲያረጅ ይጥሉታል። እግዜር ይኼን አይቶ ዝም ካለ፣ ለአንዲት ብሎን ብሎ አፉን አይከፍትም።"

 ዘበኛውም ራሱ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነው የቀረው።

በሳምንቱ የግቢው ትልቁ በር ከዘበኛው በቀር ለማንም አልከፈት አለ።