ሦስት ሜትር ርግበት

አቶ ቀነዓ ሰንበታ ጉደታ ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ከአዳማ በስተደቡብ፣ በክረምቱ ዝናብ ከሞላው ከአዋሽ ዳር ቆመው፣ «ይህን ሽቦ ከዚህ በላይ አልወጥርም» አሉ።

የተወለዱት ሞጆ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ምሰሶ መውጣት ሲያቅተው አዳማ ተቀመጡ። የአካባቢው ገበሬ ማኅበር፣ ሰውን በሣጥን የሚያሻግር ወፍራም ሽቦ በወንዙ ላይ እንዲዘረጉለት በለመናቸው ጊዜ እሺ አሉ። ከዳር እስከ ዳር ስድሳ ሜትር ለኩ፤ መሐሉም ሦስት ሜትር ወደ ታች ዝቅ እንዲል ርግበት ተዉለት።

ችግሩ የመጣው ከአብዮቱ በዓል ነው። ለመስከረም ሁለት በሽቦው ላይ ቀይ የመፈክር ጨርቅ እንዲሰቀል የወሰነው ካድሬ ብዙነህ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው፣ ርግበቱን አልወደደውም።

«ጓድ ቀነዓ፣ መፈክሩ እንደ በላ በሬ ሆድ ተንጠልጥሎ ሊታይ ነው? ቀጥ አድርገህ ወጥረው!»

«ቀጥ ካለ ይበጠሳል።»

«ሰነፍ ምክንያት አያጣም! ይህ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ማታ ቤቱ ስለ መግባቱ እርግጠኛ አልነበረም። አቶ ቀነዓ ይህን አላጡትም። ሆኖም በየገበያው ቀን ሽንኩርት ይዘው ወደ አዳማ ከሚሻገሩት ከወይዘሮ ጉዲቱ አንድ ከረጢት ሽንኩርትና የአህያ መጫኛ ገመድ ተዋሱ። ከረጢቱን በገመዱ መሐል አንጠልጥለው፣ አንዱን ጫፍ ለካድሬው፣ ሌላውን ለአጃቢው ሰጡ።

«እንግዲህ ቀጥ አድርጉት።»

ሁለቱ ጎልማሶች ሳቡ። ተረከዛቸው ጭቃውን እስኪያርስ ሳቡ፤ ከረጢቱ ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ።

«ምነው ኦቦ ቀነዓ» አሉ ወይዘሮ ጉዲቱ፣ «ሽንኩርቴም ፀረ አብዮት ሆነ እንዴ?»

በወንዙ ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ ሳቀ። አቶ ቀነዓ ግን አልሳቁም።

«ሸክሙን ወደ ላይ የሚይዘው የገመዱ ማዘንበል ነው። ገመዱ ይበልጥ በተጋደመ ቁጥር ያንኑ ሽንኩርት ለመያዝ ይበልጥ መሳብ ግድ ይላል። የእኔ ሽቦ ሦስት ሜትር ረግቦ፣ ሣጥኑ መሐል ሲደርስ የክብደቱን አምስት እጥፍ ይሳባል። እርስዎ እንደሚሉት ቀጥ ለማለት ተቃርቦ ሠላሳ ሴንቲሜትር ብቻ ይርገብ ቢባል፣ ኀምሳ እጥፍ! ያን ጊዜ እኚህ ሴት አዋሽ ውስጥ ናቸው።»

«በሕዝብ ፊት ልታሞኘኝ ነው? አንተ ባትወጥረው ሌላ ይወጥረዋል። መፍቻውን አምጣ!»

ሽቦውን የሚያጠብቅና የሚያላላ መፍቻ በአካባቢው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከምሰሶ ምሰሶ አብሯቸው የዞረ የራሳቸው ንብረት ነው። አንድ ጊዜ አዩትና ወደ ወንዙ ሙላት ወረወሩት።

«በሉ፣ አሁን ወጥሩት!»

ወዲያው ታሰሩ። መፈክሩም በወንዙ ዳር በሁለት ግራሮች መካከል ተሰቀለ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለ ሽቦው ቀጥ ማለት የጠየቀ ባለሥልጣን አልተገኘም፤ እሳቸውም በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ተለቀቁ።

እምቢ ማለት ብቻውን ሰውን አያስከብርም፤ ግትርም እምቢ ይላልና። የሚያስከብረው እምቢ ያሉበትን ምክንያት ጠንቅቆ ማወቅ፣ ዋጋውንም ሌላው ሳይሆን ራስ መክፈል ነው።

አቶ ቀነዓ ሰንበታ የዘረጉት መሻገሪያ ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። በእነዚያ ዓመታት ከሣጥኑ ወንዝ ውስጥ የወደቀ አንድም ሰው የለም።