አማቴና የተበላሸው ቬፔ

ሲጋራ ያቆምኩት አማቴ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ስለሆነ ነው። አስም አለባቸው። ሚስቴ፣ «እናቴ እያለች እዚህ አፓርትማ ውስጥ የሲጋራ ሽታ ከመጣ፣ አንተም ከሽታው ጋር ትወጣለህ» አለችኝ። ነርስ ናት፤ የሳንባ ነገር ከተነሣ አትቻልም። ሶ፣ ሄጄ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ገዛሁ።

ሻጩ እስክሪብቶ የሚያህል ነገር አንሥቶ፣ «ለጀማሪ ይኼ ይሻልሃል» አለኝ። ጀማሪ? እኔ? ስንት ዓመት ያጨስኩ ሰውዬ! ተናደድኩና ስክሪን ያለውን፣ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ በክብደቱ ኪስ የሚቀደውን መረጥኩ። የአጠቃቀም ወረቀቱን እዚያው ፓርኪንግ ላይ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። መመሪያ የሚያነብ ሀበሻ ወንድ እስካሁን አላየሁም፣ እኔም የመጀመሪያው ልሆን አልፈለግኩም።

ፈሳሹን ሞልቼ ወዲያው ሳብኩት። ለካ ውስጡ ያለው ጥጥ እስኪርስ ጥቂት መጠበቅ ነበረብኝ! ጥጡ በደረቁ ተቃጠለ፤ ጎማ የዋጥኩ ይመስል ዓይኔ እስኪጠፋ ሳልኩ። በማግስቱ ኮይል የሚሉትን፣ ፈሳሹን የሚያሞቀውን ሽቦ፣ ቀየርኩና በደንብ ሳላጠብቀው ኪሴ ከተትኩት። ያን ቀን በታክሲዬ ከዳላስ ፕሌኖ ሰው ሳመላልስ ሱሪዬ ረጥቦ፣ ማንጎ ማንጎ እየሸተትኩ ዋልኩ። አንዷ ተሳፋሪ መስኮቱን ከፈተችው።

አማቴ የመጡ ሰሞን በረንዳ ላይ ስስብ አዩኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ውይ ልጄን! አንተንም ይዞሃል?» አሉ። አስም ማለታቸው ነው። እሳቸውም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አላቸው። «የእኔ እንዲህ አይጨስም፤ የአሜሪካው ጠንካራ ነው መሰለኝ» አሉ። እኔስ ምን አልኩ? «አዎ እማማ፣ ጠንከር ይላል።» ምላሴ ይቆረጥ!

ከዚያ ወዲያ የቤቱ በሽተኛ እኔ ሆንኩ። ሾርባው ለእኔ፣ ምቹው ሶፋ ለእኔ። የገዛነውን ዕቃ ከመኪና ሳወርድ፣ «ተው ልጄ፣ ትንፋሽህ!» ብለው ከባዱን ከእጄ ይነጥቁኛል። በሳብኩ ቁጥር፣ «እሰይ፣ ደህና አድርገህ ሳበው» ይሉኛል። በሕይወቴ እንዲህ እየተመረቅኩ አጭሼ አላውቅም። ሚስቴ ስትሰማ መጀመሪያ በሳቅ ሞተች፤ ቀጥሎ ኮስተር ብላ፣ «እኔ አልነግራትም፣ አንተው ትነግራታለህ» አለችኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ ሾርባው ይመጣል፣ ለነገ አሳድረዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቴ ሥራ ላይ እያለች ቬፑ ሞተ። ስክሪኑ ይበራል፣ ኮይሉ ግን የለም ይለኛል። ኧረ አለ! ኮይል ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቻርጅ አደረግኩት፤ ያው ነው። የኪችን ጠረጴዛ ላይ ፈታታሁት። አማቴ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ሌላ የለህም?»

«የለኝም እማማ።»

ሱሱ ተነሥቶብኝ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፣ ግንባሬን ያልበኛል። እሳቸው ደግሞ በሽታው የተነሣብኝ መስሏቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። በመጨረሻ ኮይሉ ከባትሪው ጋር የሚገናኝባትን ትንሽ ነጥብ አየኋት፤ የደረቀ ፈሳሽ ሸፍኗታል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ገጠምኩት። መብራቱ ቦግ አለ!

«አገኘሁሽ!» ብዬ ቀና ስል አማቴ ወንበራቸው ላይ የሉም። ከመኝታ ቤት እየተጣደፉ ወጡ፤ የራሳቸውን መድኃኒት ይዘዋል። ከመሮጣቸው የተነሣ የእሳቸው ደረት ሲር ሲር ይላል። መድኃኒቱን ወደ አፌ ዘረጉልኝ።

«እንካ፣ የእኔን ሳብ። እኔ እቆያለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እማማ፣ እርስዎ ይሳቡት። እኔ አስም የለብኝም። ይኼ ሲጋራ ነው፤ የባትሪ ሲጋራ» አልኳቸው።

እንቢ አሉኝ። እጃቸውን ይዤ እሳቸው እስኪስቡ ለመንኩ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ምንም የለብህም?» አሉኝ።

«ምንም። ይቅር ይበሉኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። «ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ» ይላሉ። ስድቡ በስንት ጣዕሙ!

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ «ትንፋሹን መልሺለት ብዬ ለማርያም ጃንጥላ ተስዬልህ ነበር» አሉኝ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ቀልድ ሞከርኩ። «ታዲያ ስለቱ ቀረ ማለት ነዋ እማማ?»

ቬፑን አንሥተው አገላብጠው አዩት። መብራቱ እንደበራ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ምን ይቀራል?» አሉኝ። «ገና አልዳንክም እኮ።»