ነቀምቴን ለኑሮ ሳያት

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአስኮ መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ መስፍን ነቀምቴ ባለው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ከስምንት ዓመት ልጃችን ከሶስና ጋር አዲስ አበባ ቀርቼ፣ ጀሞ አካባቢ ባለችኝ ባለ ሁለት ወንበር የሴቶች ጸጉር ቤት እሠራለሁ። እሱ ለበዓልና ለእረፍት ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። በዚህ መቀጠል እንደማንችል ሁለታችንም ስለገባን፣ ሶስናን እህቴ ጋ ትቼ፣ ጸጉር ቤቱን ለረዳቴ አስረክቤ፣ ከተማዋን ለአንድ ሳምንት ላያት ተነሣሁ። ለኑሮ የምትመች ከሆነች ጠቅልለን ወደዚያ እንገባለን፤ ካልሆነች እሱ ሌላ ሥራ ፈልጎ ይመለሳል። ስምምነታችን ይህ ነበር።

አውቶቡሱ ሆለታንና ጊንጪን በጭለማና በብርድ አለፈ። አምቦ ላይ ለቁርስ ወርደን እንቁላል ፍርፍር በልቼ ሻይ ጠጣሁ። ጉደርን አልፈን ወደ ጌዶ ስንወጣ ጭጋጉ መስኮቱን ስለሸፈነው የማየው ነገር አልነበረም። ከዚያ መንገዱ ወደ ባኮ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ባንድ ጊዜ መጣና ሹራቤን አወለቅኩ። ሴቶች በባልዲ ማንጎ ይዘው መስኮት ለመስኮት እየዞሩ ይሸጡ ነበር፤ አንድ ፌስታል ገዛሁ። ኬላ በደረስን ቁጥር እየወረድን መታወቂያ እናሳያለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። ማንም አያጉረመርምም፤ ሰው ለምዶታል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበረች። ነቀምቴ ኑሮ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ውሃ የመጣ ቀን ጥሩ ነው» ብላኝ ተኛች።

ከቀትር በኋላ ስንገባ ዝናብ ይጥል ነበር። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ወጣ ገባ ብላ የተሠራች ናት፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይብለጨለጫል፣ አፈሩ ቀይ ነው። መስፍን ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ባጃጅ ይዘን ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ወደ ተከራየው ቤት ሄድን። ግቢው የአዴ ዲንቄ ነው። አዴ ማለት እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሁለቱን እጆቼን ይዘው የኔንም፣ የልጄንም፣ የመንገዱንም ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከመንገድ እስከ ቤት ያገኘነው ሰው ሁሉ መስፍንን «ባርሲሳ»፣ አስተማሪ፣ እያለ ሰላም ሲለው እሱ በኦሮምኛ መለሰ፣ ቀለደ፣ አሳቀ። አዲስ አበባ እያለ ጎረቤቶቻችንን በስም የማያውቅ ሰው ነበር። እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ አጠገቡ ቆሜ ፈገግ አልኩ።

ረቡዕ

ጠዋት አብረን በእግር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን። መስፍን ሁልጊዜም በእግሩ ነው የሚሄደው። በሩ አካባቢ ያለው ሰፈር ለተማሪ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ የስልክ ጥገና፣ እንደገና ፎቶ ኮፒ ቤት። ካፌዎቹ ውስጥ ሦስት አራት ልጆች አንድ ማኪያቶ መሐል አስቀምጠው ያጠናሉ። አስተናጋጁም አይነካቸውም።

ሶስና ልትገባበት የምትችል የግል ትምህርት ቤት አየን። ርዕሰ መምህሩ ትምህርቱ በኦሮምኛ እንደሆነ፣ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንደሚሰጥ ነገረን። ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች አሉ ወይ ስለው አሉ አለኝ፤ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ቆይተው ግን ዝም በሉ የሚባሉት እነሱ ይሆናሉ። ሳቅኩ፤ ሆኖም ዝም የምትልበት ጊዜ አሳሰበኝ።

ቀኑ የጾም ቀን ስለነበር የጾም ምግብ ፈለግን። አብዛኛው የከተማው ሰው ጴንጤ ስለሆነ ረቡዕና አርብ በየቤቱ የጾም ምግብ አይገኝም፤ ግን አንድ ሆቴል ጥሩ ሽሮ አገኘን። ሲመሽ ባጃጆቹ ቶሎ ቶሎ ከመንገድ ይወጣሉ፤ ሰውም በጊዜ ቤቱ ይገባል። መስፍን ይህ ካለፉት ክፉ ዓመታት የቀረ ልማድ ነው አለኝ። እነ ኪራሙን ወደመሳሰሉ ሩቅ ወረዳዎች ግን አሁንም ሰው ደፍሮ አይሄድም።

ሐሙስ

መስፍን ክፍል ሲገባ እኔ አዴ ዲንቄ ጋ ዋልኩ። አንጮቴ እየቀቀሉ ነበር። ድንች የሚመስል የወለጋ ሥራሥር ነው፤ ከነልጣጩ ይቀቀልና ተልጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። እኔ እየላጥኩ እሳቸው እያወሩ ነበር። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ ቢሆንም ያልገባኝ ነገር አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ባለቤትሽ አዲስ አበባ ሥራ መጥቶለት አልፈልግም ሲል እኛ በጣም ደስ አለን። ያንቺም መምጣት የዚያን ጊዜ ነው የታወቀን።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ስለየትኛው ሥራ እንደሚያወሩ አላወቅኩም ነበር። እሳቸው ግን እንደማውቅ ስለመሰላቸው፣ ስልኩ የተደወለለት እዚሁ በረንዳ ላይ እንደነበር፣ ማታውን ሲመላለስ እንዳመሸ ሁሉ አጫወቱኝ።  አንጮቴውን በላሁ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላስታውስም።

መስፍን ሲመለስ ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቅኩም። ጠየቅኩት፤ አልካደም። አንድ የአዲስ አበባ ኮሌጅ ከገና በኋላ ጠርቶት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ና ትይኛለሽ። አንቺ ና ካልሽ ደግሞ መቅረት አልችልም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። አዲስ አበባ እያለ ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ፣ ቅዳሜ ሦስተኛ ቦታ ነበር የሚያስተምረው። ሶስና ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። እዚህ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል፤ ያነባል፤ ሰው ያውቀዋል። እኛም መጥተን ይህን ብናገኝ ብሎ ተመኘ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። እኔን ያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው።

«እኔን የጠራኸኝ ከተማውን እንዳይ አይደለም» አልኩት። «አንተ ወስነህ ጨርሰሃል። የጠራኸኝ እሺ እንድልህ ነው።»

 «አዎ» አለ።

ሰኞ ልመለስ የነበርኩትን ቅዳሜ እንደምሄድ ነገርኩትና ሻንጣዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

አርብ

ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። መስፍን ሥራው ሄደ፤ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ሻማ ልገዛ የገባሁት ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴ ናቸው። ከኔ ፊት ከነበረችው ገዢ ጋር በኦሮምኛ፣ ከውስጥ ካለችው ሚስታቸው ጋር በጉራግኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ አወሩ። ለመኖር እንዴት ነው ስላቸው፣ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሳይገባ መደርደሪያው ባዶውን የቀረበትን ጊዜ ነገሩኝ። ተማሪ ሲገባ ከተማው እንደሚነቃ፣ ለእረፍት ሲበተን ንግዱ እንደሚተኛም ነገሩኝ። ከሌላ ከተማ ጋር ግን አያወዳድሩትም፤ ልጆቻቸው የተወለዱት እዚህ ነው።

«ባለቤቴ ግን እስክትለምድ ብዙ ዓመት አኩርፋኛለች» አሉ።

«ኩርፊያው መቼ ለቀቀኝ?» አለች ሚስታቸው ከውስጥ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ስወጣ አንድ ጸጉር ቤት አየሁና ገባሁ። ሥራዬ ስለሆነ ሳላይ ማለፍ አልችልም። ንጹሕ ቤት ነው፤ ካስኮቹ፣ ጸጉር ማድረቂያዎቹ፣ ተደርድረው ቆመዋል። ጄኔሬተር አለ፣ ቤንዚን ግን የለም። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ናት፤ ደንበኞቿን እየመለሰች ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዴ ዲንቄ በሬን አንኳኩ። የእህታቸው ልጅ ሲፈን በነጋታው ድጋ ላይ ታገባለች። ድጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቅርብ ከተማ ናት። ሙሽራዋን ልትሠራ የነበረችው ያቺው ባለ ጸጉር ቤት ናት፤ ያለመብራት አይሆንልኝም ብላለች። ሻንጣዬ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። አዩት።

«ትችያለሽ?» ብቻ አሉኝ።

እችላለሁ አልኩ።

ቅዳሜ

የጸጉር ቤቷ ልጅ መጠቅለያ ቢጎዲኖቿንና ማያዣዎቿን አውሳኝ በማለዳ ሚኒባስ ድጋ ደረስን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ መብራት እዚያም የለም። ሲፈን ወፍራም፣ ረጅም ጸጉር አላት፤ እርጥቡን ጠቅልዬ ካስክ ውስጥ ባስገባት ቶሎ ይደርቅ ነበር። የነበረን ፀሐይ ብቻ ነው፤ እሱም ደመና ውስጥ ይገባል ይወጣል። ወንበር አስወጥቼ በረንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት፤ አክስቶቿ ከኋላ የከሰል ምድጃ አስጠጉላት፣ አንዷ በክዳን ታራግባለች። ደመናው በመጣ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን።

ሲፈን ነቀምቴ ስለተማረች አማርኛዋ ጥሩ ነው። ከሠርግ በኋላ የት እንደምትኖር ጠየቅኳት።

«ጊምቢ። እሱ እዚያ ነርስ ነው። እኔ ነቀምቴን አልለቅም ብዬ ሠርጉን ሁለት ጊዜ አስተላልፈናል። አባቴ በጣም ተናዶ ነበር።»

«ታዲያ እሱ አሸነፈሻ።»

«ሄጄ አየሁት። ሥራም እዚያ አገኘሁ። ከዚያ ነው እሺ ያልኩት» አለች። «እሱ ወስኖ ቢጠብቀኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር።»

አፌ ውስጥ የያዝኩትን ማያዣ አውጥቼ ቢጎዲኖው ላይ ሰካሁት።

ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ወጣችና ቆየች። ጸጉሩ ደረቀ፣ ፈታሁት፣ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየተዘፈነ ሲደርስ ሲፈን ቬሎዋን ለብሳ ወጣች። አክስቶቿ እልል ሲሉ እኔ የማየው ከኋላ ያሰርኩት ቦታ ይይዝ እንደሆነ ነበር። ያዘ። አዴ ዲንቄ እጄን ይዘው ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ለሰው ሁሉ አስተዋወቁኝ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ሰው ግን ወደ ሙሽራዋ ጸጉር እያየ እጄን ይጨብጥ ነበር። መስፍን ከጎረቤቶች ጋር ቀትር ላይ መጥቶ ኖሮ ከሩቅ ሲያየኝ አገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ወጣን። መኪና ስላልነበረ በአስፋልቱ ዳር መራመድ ጀመርን። ብዙ ሳንሄድ እሱ ተናገረ።

«ከፈለግሽ እመለሳለሁ። ያኛው ሥራ ተይዟል፤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

የምሩን ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን አላስደሰተኝም። ሦስት ቦታ እያስተማረ ሶስና ከተኛች በኋላ የሚገባው ሰው ፊቴ ድቅን አለብኝ።

«እንድትመለስ አይደለም የፈለግኩት» አልኩት። «እንድትጠይቀኝ ነው።»

ቆመ። አንድ የጭነት መኪና አልፎን እስኪሄድ ጠበቀ።

«ነቀምቴ መጥተሽ ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

 ጸጉር ቤቴን አሰብኩ፣ ደንበኞቼን አሰብኩ፣ ውሃ በጀሪካን ማጠራቀሙን አሰብኩ። ከዚያ የምለውን ነገርኩት። ሶስና የዘንድሮ ክፍሏን ስትጨርስ እንመጣለን፤ የምንመጣው ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ሁለታችንም ያልተስማማንበት አይሆንም። ስልክ ሲደወልለት ደግሞ በዚያው ቀን እሰማለሁ።

«እሺ» አለ። ከኋላችን ሚኒባስ ሲመጣ እጁን አንሥቶ አስቆመው።

እሁድና ሰኞ

እሁድ ከተማው በመዝሙር ነው የነቃው። መስፍንና እኔ ማርያም ስመን ስንመለስ በባለ ጸጉር ቤቷ በኩል አለፍን፤ ቢጎዲኖቿን መለስኩላት። ስለ ሠርጉ ሰምታ ኖሮ፣ ከመጣሁ አንድ ወንበር ልታከራየኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አስብበታለሁ አልኳት። ውሃ የመጣው ያን ቀን ነው፤ የግቢው ሰው ሁሉ እስከ ማታ ልብስ ሲያጥብ ዋለ፣ እኔም አጠብኩ።

ሰኞ ጠዋት አዴ ዲንቄ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡሱ እንደ አመጣጡ በየኬላው እየቆመ፣ ጌዶ ላይ ዝናብ እየመታው ሄደ። ስለ ነቀምቴ የማውቀውን በልቤ አሰላሰልኩ። መብራትና ውሃዋ አያስተማምንም። ማታ በጊዜ ትዘጋለች። ቋንቋዋን የማያውቅ ሰው ግማሹ ነገር ያመልጠዋል። ሥራና ቤት በእግር ይገናኙባታል፣ ሰው ሰውን በስም ይጠራባታል። የዚህን ያህል በአንድ ሳምንት ማወቅ ይቻላል። ባለቤቴ ሳይጠይቀኝ የሚወስን ሰው መሆኑን ለማወቅ ግን ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረብኝ፤ ሲነገረው የሚሰማ መሆኑንም ያወቅኩት እዚያው ነው።

እህቴ ቤት ስደርስ መሽቷል። ሶስና ሳትተኛ ጠበቀችኝ። አባቷ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ክረምት ላይ እኛ እንደምንሄድ ነገርኳት። ጓደኛ አገኝ ይሆን አለች። የማውቀውን ሳልደብቅ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ልጆቹ ሲጫወቱ የሚሉት አይገባሽም፣ እኔም ሴቶቹ የሚሉት አይገባኝም አልኳት።

አሰበችበት። «ማናችን ቀድመን እንለምዳለን?»

«አንቺ።»

ደስ አላት። ነቀምቴ አሁኑኑ የምንሄድ ይመስል ተነሥታ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች።